የተጨበጨበለት ሞት

መምህሩ መድረክ ላይ ሲሞት አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበለት። ከፊት ረድፍ የተቀመጡትማ «ይደገም!» ብለዋል። አንድ የባዮሎጂ መምህር ሰክሮ ሲንገዳገድ፣ ወንበሩን ተደግፎ ቁልቁል ሲንሸራተት፣ አገጩ ደረቱ ላይ ሲያርፍ እንዲህ አድርጎ ያስመስላል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። አንዲት ተዋናይ ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ ሮጣ ወጥታ «ኧረ አይተነፍስም!» ብላ ስትጮህ እንኳ ጭብጨባው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ጩኸቷም የትያትሩ አካል መስሏል።

ፖሊስ ጣቢያ የደረሰው የስልክ ጥሪ ግን ሌላ ነበር። ደዋዩ «አንድ ተማሪ እንክብል ወስዶ አዳራሹ መድረክ ላይ ወድቋል፤ ቶሎ ድረሱ» ብሎ ስሙን ሳይናገር ዘጋው። ስለዚህ «እመት ለምን» የሚሏት መርማሪ ልጅ ጠብቃ መጣች። ያገኘችው ጢሙ መሸበት የጀመረ ጎልማሳ ነው። የለበሰው ግን የተማሪ ሹራብ ነው፤ እጅጌው ክርኑን ትንሽ አልፎ ደክሞት ቆሟል፤ ሹራቡና ሱሪው እምብርቱ ላይ መገናኘት አቅቷቸው ተለያይተዋል።

«እመት ለምን» ጣቢያው ያወጣላት ስም ነው፤ ማዕረጓ ኢንስፔክተር ነው። ሲጋራ ካቆመች ወዲህ ከረሜላ ትመጥጣለች። ባልደረቦቿ እንደሚሉት ከረሜላው አፏ ውስጥ እንቅስቃሴ ሲያቆም አንድ ሰው ይታሰራል። አብሯት የመጣው ሳጅን ደግሞ ከእግሩ መደምደሚያው የሚቀድም ሰው ነው።

«ደዋዩ ዩኒፎርሙን አይቶ ተማሪ መስሎት ነው» አለ ሳጅኑ።

«ለምን ይመስለዋል?»

«ሹራቡን አይቶ ነዋ!»

ሹራቡን አየች፤ ጢሙን አየች፤ ከረሜላዋን ወደ ሌላው ጉንጯ አዞረች።

ትያትሩን ያዘጋጀው የትምህርት ቤቱ ፀረ ዕፅ ክበብ ነው፤ ክበቡን ያቋቋመው ደግሞ ሟቹ። ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆች በአንዲት ፍሬ እንክብል ተጣልተው አንዱ የሌላውን ዓይን በኮምፓስ ሲያጠፋ፣ ትምህርት ቤቱ አጥሩን ከፍ አደረገ። መምህሩ የላቦራቶሪውን በር ከፈተ። «ምን ወሰድክ ተብሎ የሚጠየቅ የለም፤ መተው የፈለገ ይግባ» አለ። ወላጆች መጀመሪያ «ሱሰኛ ይሰበስባል» ብለው አሙት። ቀጥሎ የየራሳቸውን ልጅ እጁን ይዘው አመጡለት።

መጀመሪያ ከገቡት አንዱ «ሽቦ» የሚሉት ልጅ ነው። እንክብል ይውጥ በነበረበት ዘመን ከስቶ ከስቶ የወጣለት ስም ነው፤ ሥጋው ሲመለስ ስሙ አልሄደም። በየግድግዳው የተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ሽቦ ጠርሙስ ጨብጦ ተስሏል። ከሥሩ «በመጨረሻ ባለታሪኩ ማን ይሸጥለት እንደነበር በራሱ አንደበት ይናገራል» ይላል። እመት ለምን ስትገባ ቆማ አንብባዋለች።

የትምህርት ቤቱ ነርስ ከሟቹ አጠገብ ተንበርክካ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋ ያዘች። በፊት የመጠጥ የነበረ እውነተኛ ጠርሙስ ነው።

«ሻይ ነው» አለች። «ሻይ ብቻ ግን አይደለም። ሥሩ ላይ የረጋውን ነጭ ነገር ይዩት። እንክብል ተፈጭቶበታል። ስንት ልጅ በሸክም ያመጡልኝ በዚሁ ነው፤ መልኩን ከፊቴ በላይ አውቀዋለሁ። የሱ ልብ ደግሞ ደካማ ነበር።»

«ማን ያውቃል ልቡን?»

«እኔና እሱ። ሚስቱ እንኳ አታውቅም። ካወቀች ሥራ ታስተወኛለች ይል ነበር።»

በዚህ መሃል ሳጅኑ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለ። በአንድ እጁ ቦርሳ፣ በሌላው አንድ ቅጠል እንክብል ይዟል። ፊቱ ላይ ለሽልማት እንደተጠራ ሰው ያለ ነገር ይታያል።

«ጉዳዩ አለቀ። ቦርሳው የሽቦ ነው። የጠርሙሱ ሚና የሱ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት መምህሩ ነጥቆታል። ሲከራከሩ ያዩ ልጆች አሉ። ቂም ነው።»

ሽቦ ጥግ ላይ ቆሟል። የመምህሩን ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ጣቶቹን ውጦታል። ሳጅኑ ወደሱ ሲራመድ አዳራሹ በር ላይ ጫጫታ ተነሳ። ሜትር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ከነስፌት ክሯ የመጣች ወጣት ሴት ሁለት ፖሊስ በክርኗ ገፍታ ገባች። የሽቦ ታላቅ እህት ናት፤ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችው።

«ወንድሜን ማን ነው የነካው?»

«እህቴ፣ ማስረጃ አለን» አለ ሳጅኑ።

«ማስረጃህን እንዳትጥለው ያዘው! አይጥ በበላ ዳዋ ይመታ? ሲወድቅ ማንም አላነሳውም፤ ሲነሳ ሁላችሁም ልትጥሉት መጣችሁ። ከዚህ ግቢ ሲወጣ ወይ በእግሩ ከኔ ጋር ነው፣ ወይ እኔን ጨምራችሁ ነው!»

«እትዬ፣ ተይ» አለ ሽቦ።

«አልተውም!»

እመት ለምን ለሴትዮዋ ወንበር አቀረበችላት። ለሳጅኑ ደግሞ «ካቴናውን ኪስህ ውስጥ አስቀምጠው፤ ይዘንባል» አለችው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ዳይሬክተሩን ነው። ስለ ሟቹ አንድ ጊዜ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ስም ደጋግሞ አዘነ።

«ጠዋት ልምምዱ ላይ ነበርኩ» አለ። «የመጨረሻዋን ንግግር እንዲያስቀሩልኝ ለመለመን። እምቢ አሉኝ። እስከዛሬ የሚለማመዱት በባዶ እጅ ነበር፤ ዛሬ ጠርሙሱ ሲመጣ ልጁ አልይዝም አለ። ተከራከሩ። ከዚያ መምህሩ ‹በል ሹራብህን አውልቅ፤ አንተ መምህር ሁን፣ እኔ ሱሰኛ› አለው። ሹራቡን ሲያጠልቀው... ይቅርታ፣ ሬሳው ሳይነሳ... ግን ሳቅን። እኔ እንኳ ሳቅሁ። ትያትሩ ሲጀመርማ አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። ከፊት ረድፍ ሆኜ የጀርባዬን ሳቅ ሰምቻለሁ።»

ቀጥሎ ዘበኛው መጣ። በትያትሩ ውስጥ ፖሊስ ሆኖ ይጫወታል፤ የካርቶን ኮፍያው አሁንም ራሱ ላይ ነው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ዘበኛ ሆኜ ሌባ ይዤ አላውቅም» አለ። «ዛሬ በትያትር ልይዝ ነበር፤ ተራዬ ሳይደርስ ሰውየው ሞተብኝ። ጠርሙሱ? ዩኒት ሊደሩ ከተማሪ የቀማውን የሚያኖርበት ቁም ሣጥን አለው፤ ከዚያ ነው ያመጣሁት። ከልምምዱ በኋላ ልጆቹ ሻይ ሞሉበትና መድረኩ ኋላ ያለው ዕቃ ክፍል አኖሩት። ከዚያ ሁላችን ለመክፈቻው ንግግር ሜዳ ወጣን።»

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔ፣ ዳይሬክተሩ፣ ሲስተር፣ ዩኒት ሊደሩ። ልጆቹም ልብስ የሚቀይሩት እዚያው ነው፤ ሲገቡና ሲወጡ ማን አያቸው?» ኮፍያውን ነካ አደረገ። «ሳቁን ግን ብታዪው ልጄ! በዚያች ሹራብ...» አለና ሳይጨርሰው አለቀሰ።

ዩኒት ሊደሩ የተማሪዎች ሥርዓት ተቆጣጣሪ ነው። ተማሪ ሲያየው መንገድ ይቀይራል። «ወንፊት» ይሉታል፤ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ስለሚያበጥር። ኢንስፔክተሯን የተቀበላት በራሱ ቢሮ፣ ዱላውን ስልኩ አጠገብ አጋድሞ ነው።

«ትያትሩን አይተውታል?»

«ከኋላ ቆሜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ሥርዓት ማስከበር ሥራዬ ነው።»

«ወደዱት?»

«ሰካራም ሲንገዳገድ ምኑ ይወደዳል?»

«የሚያስቅ ነገርስ አልነበረውም?»

«እኔ የሚያስቅ ነገር አላየሁም። ከመጀመሪያውም ክበብ ምናምን ሲባል ተናግሬያለሁ፤ ልምምዳቸውን ረግጬ አላውቅም። ሱስ በዱላ እንጂ በጭፈራ አይወጣም።»

«ዛሬ ጠዋትም ይፈትሹ ነበር አሉ።»

«ራሴ!» ደረቱን መታ። «ዛሬ በዚያ በር መርፌ አላለፈችም። ይጽፉት እንደሆነ ይጻፉት።»

«የሽቦንስ ቦርሳ?»

«የሱንማ ገበሩን ሳይቀር ገልብጫለሁ። እባብን ልቡን አይቶ እግር ነሳው ይባላል።»

የቀማውን የሚያኖርበትን ቁም ሣጥን እንዲያሳያት ጠየቀችው። በኩራት ከፈተው። ኳስ፣ ማዳመጫ፣ ጥቁር መነጽር፣ ማበጠሪያ፣ አንድ ጊታር ገመድ የሌለው። እመት ለምን መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየች። አመሰገነችው።

ሽቦን ያነጋገረችው በዳይሬክተሩ ቢሮ ነው። እህቱ አልወጣም ብላ ከበሩ ጋር ቆማለች።

«ጠርሙሱን ለምን አልያዝክም?»

«ሕጋችን ነው። የተወ ሰው ለቀልድም ቢሆን አይነካም።»

«ሻይ ነው እኮ የሚሞላበት።»

«እጅ ሻይ መሆኑን አያውቅም።»

ከረሜላው ቆመ። እመት ለምን ሲጋራ ካቆመች ጀምሮ ክብሪት አትይዝም፤ ምድጃዋን የምታስለኩሰው ጎረቤቷን ጠርታ ነው። ለጎረቤቷ እሳት የምትፈራ ትመስላታለች።

«መምህርህ ተቆጣህ?»

«መጀመሪያ ‹ማስታወቂያው ተለጥፏል እኮ› አለኝ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ሲያይ ግን ‹እኔ ነኝ ሕጉን የረሳሁት፤ ጀግና ነህ› አለኝ። ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ።» ልጁ እጅጌውን ጨበጠ። «ከመጀመሪያው ትዕይንት ሲወጣ ‹ሻዩ መረረኝ፤ የናንተ ቀልድ መቼም አያልቅ› አለኝ። ቲቸር ላብ ላብ ብሎሃል፣ እናቁም ስለው ‹ዛሬ ካቆምን ሁለተኛ አያሠሩንም› ብሎ ወጣ።»

እህቱ ከበሩ ወደ ወንድሟ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«በመጨረሻ ልትጠራው የነበረው የማንን ስም ነው?»

«እዚህ አልናገርም።»

«ትናገራለህ እንጂ!» አለ ሳጅኑ።

«አልናገርም። አንድ ጊዜ ቢሮ ገብቼ ተናግሬያለሁ። ቢሮ ውስጥ የተነገረ ቢሮ ውስጥ ነው የሚቀረው። ብታስሩኝም የምናገረው እዚያ መድረክ ላይ ነው፤ ሁሉም ሰው ባለበት። ለቲቸር ቃል ገብቻለሁ። እሱም ስሙን አያውቅም ነበር፤ ‹አትንገረኝ፤ እኔ ያስጠናሁህ እንዳይመስል› ነው ያለኝ።»

ሳጅኑ አፉን ሲከፍት ዳይሬክተሩ እያለከለከ ገባ።

«ተማሪዎቹ አልሄድም አሉ! ትምህርት ተዘግቷል ብዬ አወጅኩ። ‹ትያትሩ አላለቀም› ብለው እንደተቀመጡ ናቸው። ምን ላድርግ?»

«ለምን ያባርሯቸዋል?» አለች እመት ለምን። «እኔም አላለቀልኝም። ሁላችሁም አዳራሽ ኑ።»

ተማሪዎቹ አሁንም እንደተቀመጡ ናቸው። ሬሳው ተነስቷል። ወንበሩ በቦታው ነው፤ ጠርሙሱ የነበረበት ወለል ላይ በጠመኔ ክብ ተሠርቷል። ዳይሬክተሩ፣ ነርሷ፣ ዘበኛው፣ ዩኒት ሊደሩና ሽቦ መድረኩ ላይ ቆሙ። እህትየው ሳትጠራ ወጥታ ከወንድሟ ጎን ቆመች።

«ስልክ ነው ያመጣኝ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ለጓዳዋ ሰው እንደምታወራ ሁሉ ረጋ ብላ። «ስልኩን ለጊዜው እንተወውና ከጠርሙሱ እንጀምር። መምህራችሁን መግደል የፈለገ ሰው ይህን እንክብል ለምን ይመርጣል? የልቡን ነገር ከሲስተር በቀር ማንም አያውቅም። ደግሞስ ይህ ሰው እንክብል ውጦ ሞተ ቢባል ከናንተ ማን ያምናል?»

«ማንም!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«ማንም። ሽቦ ውጦ ሞተ ቢባልስ?»

አዳራሹ ዝም አለ። ዝምታው ራሱ መልስ ነበር፤ ብዙዎቹም አፈሩበት።

«‹አመሉ መለሰው› ተብሎ ይቀበራል፤ ለቅሶው ላይ እንኳ ለምን የሚል አይገኝም። ቦርሳው ውስጥ የተገኘውም እንክብል ለዚሁ ነው። ለገዳይ ሳይሆን ለሟች የተዘጋጀ ማስረጃ ነው። ሳጅን፣ የያዝከው ተጠርጣሪ ዛሬ መሞት የነበረበት ልጅ ነው።»

ሳጅኑ ኪሱ ውስጥ ያለውን ካቴና እንደጋለ ድንች ከጣት ወደ ጣት አዛወረው። እህትየው የወንድሟን እጅ ያዘች።

«እንግዲህ ጠርሙሱን የመረዘው ሰው ማን እንደሚጠጣው አያውቅም። ማስታወቂያውን አምኗል። የክበባችሁን ሕግ አያውቅም፤ ንቆት ነው ያላወቀው። ዳይሬክተሩ ጠዋት ሹራቡ ሲለበስ ነበሩ። ሲስተር ነበርሽ?»

«ነበርኩ። እኔ ነኝ ከጀርባ የጎተትኩለት።»

«ጋሼ ዘበኛ በካርቶን ኮፍያቸው ነበሩ፤ ተዋንያኑም በሙሉ። የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ካላቸው ያልነበረው በሩ ላይ ሲፈትሽ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ትያትሩን አይቻለሁ!» አለ ዩኒት ሊደሩ። «ከኋላ ቆሜ!»

«አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። ጣቢያው እንዳጣራው ከዚህ ግቢ የቢሮ መስመር የተደወለ ነው። ሁለት ቢሮ ውስጥ ስልክ አለ፤ የአንዱ ባለቤት እዚህ ፊት ረድፍ ተቀምጦ ነበር። ደዋዩ ‹ተማሪ ወደቀ› አለ። ሳጅኔ ሹራቡን አይቶ ተሳሳተ አለኝ። ልጆች፣ መምህራችሁ በዚያች ሹራብ ሲወጣ ተማሪ የመሰለው ሰው አለ?»

መጀመሪያ አንድ ልጅ ሳቀ፤ ከዚያ እንባው ቀደመው። ሳቅና ልቅሶ እንደ ነፋስ ከረድፍ ወደ ረድፍ አለፈ።

«ያነጋገርኩት ሰው ሁሉ ሳልጠይቀው ስለሳቁ ነገረኝ። ዳይሬክተሩ በዚህ ሐዘን መሃል ሳያፍሩ አልቀሩም፤ ግን ነገሩኝ። እርስዎን ጠየቅሁዎት። የሚያስቅ ነገር አላየሁም አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ አላዩም። ቢሮዎ ተቀምጠው ጩኸት ይጠብቁ ነበር። ጩኸቱ ሲመጣ የወደቀው ማን እንደሆነ ማየት አላስፈለገዎትም፤ ያውቁታላ! ፖሊስ ነገሩ ሳይቀዘቅዝ የልጁን ቦርሳ እንዲፈትሽ ፈለጉ።»

«ይህ ግምት ነው!»

«ቀጥሎ ያለው የራስዎ ቃል ነው። ዛሬ በበሩ መርፌ አላለፈችም፤ የሽቦን ቦርሳ ገበሩን ገልብጫለሁ ብለዋል። አምኜዎታለሁ። እንግዲያውስ እንክብሉ ከውጭ አልገባም፤ ግቢ ውስጥ ነበር። ሲስተር፣ ከተማሪ የሚቀማ እንክብል ወዴት ነው የሚሄደው?»

«እኔ ዘንድ መጥቶ መቃጠል ነበረበት» አለች ነርሷ፤ ፊቷ ገረጣ። «አንድም ቀን መጥቶልኝ አያውቅም። ስጠይቀው ‹የሚቀማ ጠፋ፤ ልጆቹ ፈርተዋል› ይለኛል።»

«ቁም ሣጥኑን አይቼዋለሁ። ኳስ አለ፤ ማበጠሪያ አለ። እንክብል የለም። እናንተ ልጆች፣ ዘንድሮ በሩ ላይ እንክብል ተቀምቶበት የሚያውቅ እጁን ያንሳ። የሚቀጣችሁ የለም።»

እጅ ወጣ። ሌላ እጅ ወጣ። ከዚያ እጅ እንደ ሸምበቆ በየረድፉ በቀለ።

ዩኒት ሊደሩ እጆቹን አየ፤ ወንበሩን አየ፤ ድንገት አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገታተረ።

«ማን ጠጣ አለው!» ብሎ ጮኸ። «ማን የሰው ሚና ውሰድ አለው!»

ሳጅኑ በዚህ ጊዜ ከመደምደሚያው እኩል ደረሰ። ካቴናው ሲዘጋ የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነበር፤ አዳራሹ ግን በሙሉ ሰማው።

ሰውየውን በመካከለኛው መተላለፊያ ሲወስዱት ሽቦ «አንዴ ቁሙ» አለ። «ሳይሰማ አይሂድ።»

«ልጄ፣ ዛሬ ይቅር» አለ ዳይሬክተሩ። «ሐዘን ነው። የትምህርት ቤቱም ስም...»

«አይቀርም ዳይሬክተር። ቲቸር እየመረረው የጨረሰው እንዲቀር አይደለም።»

ዳይሬክተሩ እመት ለምንን አየ። እሷ ከመድረኩ ወርዳ ፊት ረድፍ ተቀምጣ አዲስ ከረሜላ እየላጠች ነበር።

ሽቦ የጠመኔውን ክብ ሳይረግጥ ተሻግሮ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመ። የኮቱን እጅጌ ወደ ላይ ጠቀለለ፤ ጣቶቹ ወጡ። አይንቀጠቀጡም።

«ይሸጥልኝ የነበረው ሰው ጠዋት በር ላይ ይፈትሸኛል» አለ። «የወሰደብኝን ከሰዓት ቢሮው ጠርቶ ይሸጥልኛል። አልገዛም ያልኩት ቀን በዱላ መታኝ፤ ተማሪው ሁሉ ሥርዓት አጉድዬ መሰለው። ከሰስኩ። የከሰስኩት ለራሱ ነበር፤ ሌላ የሚሰማ ቢሮ አላውቅማ። ሰውየው ያውና ቆሟል። ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

ማንም አላጨበጨበም። ከመካከል ረድፍ አንዲት ልጅ ተነሳች።

«ለኔም» አለች።

ከግድግዳው ጥግ አንድ ረጅም ልጅ ተነሳ። «ለኔም።»

«ለወንድሜም።»

«ለኔም።»

የወንበር ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተንኳኳ። ዳይሬክተሩ እንደ ልማዱ «ተቀመጡ!» ሊል አፉን ከፈተ። ሳይለው ቀረ፤ የቆመበትን ትቶ ከመድረኩ ወረደና ከተማሪዎቹ መሃል ገብቶ ቆመ።